የዓለሜን እግር ማን ያየዋል

ዓለሜ የግራ እግሩን ትንሽ ጣት ካጣ ሁለት ዓመት ሆነው። ሰው ስለ እሷ ሲጠይቀው መልሱ አንድ ነው። “ትንሿ ናት የሄደችው። አውራ ጣቴን ቢሆን ኖሮ የወሰዱት ዛሬ ሥራ የለኝም ነበር። ተመስገን ነው።” ይህን የሚለው ራሱን ለማጽናናት አይደለም፤ አስቦበት ነው። ዓለሜ ሸማ ሠሪ ነው። ሸማ ሠሪ በሽመናው ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ታች ይሰድና የመርገጫዎቹን ገመድ በአውራ ጣቱና በሁለተኛው ጣት መሃል ቆንጥጦ ይይዛል። አንዱን መርገጫ ሲጫን ድሩ ይከፈትና ማጉን የያዘው መወርወሪያ በመሃሉ ያልፋል፤ ሌላውን ሲጫን የላይኛው ክር ወደ ታች፣ የታችኛው ወደ ላይ ይሄዳል። በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ ትንሿ ጣት ድርሻ የላትም።

ከጋሞ ደጋ ወደ አዲስ አበባ የመጣው በዐሥራ አራት ዓመቱ፣ አጎቱን ተከትሎ ነበር። አሁን ኀምሳ ሁለት ሞልቶታል። የሚኖረው ከሽሮ ሜዳ ገበያ በስተላይ፣ መንገዱ እየጠበበ ዳገቱ እየበረታ በሚሄድበት ሰፈር፣ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። የፊተኛውን ክፍል ግማሽ የሽመናው ጉድጓድ ይዞታል። ሚስቱ ገበያነሽ ጧት ጧት ቤት ሆና ትፈትላለች፤ ከሰዓት በኋላ ወርዳ ገበያ ውስጥ ሸማ ትሸጣለች። ልጃቸው ሚስጥር ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ሰባተኛ ክፍል ናት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የመወርወሪያውን ማግ ቀሰም በሚባለው ቀጭን መቃ ላይ የምትጠቀልለው እሷ ናት።

ዓለሜ ስኳር እንዳለበት ካወቀ ሰባት ዓመት ይሆነዋል። ኪኒኑን ይውጣል፣ ሻዩን ያለ ስኳር ይጠጣል። ችግሩ እግሩ ነው። በመጀመሪያ ማቃጠል፣ ከዚያ መውረር፣ በመጨረሻ ዝም ማለት አመጣ። ዝም ያለውን እግር ተሽሎት ነው ብሎ ቆጠረው። የዛሬ ሁለት ዓመት ከጉድጓዱ ግድግዳ የወጣ ስንጥር ትንሿን ጣት ሲፍቃት ሰነበተ፤ እሱ ምንም አልተሰማውም። ያየችው ሚስጥር ናት። የወደቀ ቀሰም ልታነሳ ጉድጓዱ ውስጥ ስትገባ መርገጫው ላይ ደም አየች። ያኔ ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነበር።

ሆስፒታል ሲደርሱ ትንሿ ጣት ጠቁራለች። ሐኪሙ ገበያነሽን ለብቻዋ ኮሪደር አውጥቶ፣ “አንድ ሳምንት ቀድማችሁ አይታችሁት ቢሆን ኖሮ ይተርፍ ነበር” አላት። ይህን የተናገረው ለገበያነሽ ነው። አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጣ የነበረችው ሚስጥር ግን ሰምታዋለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚስጥር ማንም ሳያዛት፣ በየቀኑ፣ ከትምህርት ቤት መልስ ቦርሳዋን ከመፍታቷ በፊት የአባቷን እግር ታያለች። አባቷም ያሳያል። ይህ በቤቱ ውስጥ እንደ ማንኛውም ሥራ አንድ ሥራ ሆኖ ቀረ።

ሲስተር ኢየሩ በሕይወታቸው ውስጥ የገባችው በዚህ ዓመት መጀመሪያ ነው። በጤና ጣቢያው የስኳር ክትትል ክፍል ነርስ ናት፤ ጎን ለጎን ማስተርሷን ትማራለች። ለመመረቂያ የያዘችው ጥናት ታማሚዎች ራሳቸውን እንዴት እንደሚንከባከቡና ይህ በቤት ውስጥ ያሉ ልጆችን ጭንቀት እንዴት እንደሚነካ የሚመለከት ነው። ዘጠና ስድስት ቤተሰብ መዝግባለች። ለታማሚው አንድ መጠይቅ፣ ለልጁ አንድ መጠይቅ። ልጆቹ የሚሞሉት ወላጅ በሌለበት ክፍል፣ ወላጅ ከፈረመ በኋላ ነው።

ዓለሜ ተራው ደርሶ ሲገባ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

“ባለፉት ሰባት ቀናት ውስጥ መድኃኒትዎን ስንት ቀን ወሰዱ?”

“ሰባት።”

“እግርዎን ስንት ቀን መረመሩ?”

“ሰባት።”

“በጣቶችዎ መሃል ያለውንስ?”

“ሰባት።”

ሲስተር ኢየሩ ቀና ብላ አየችው። የዋሸ ሰው አይመስልም፤ አልዋሸምም። ሰባት፣ ሰባት፣ ሰባት ብላ ጻፈች።

ሁለት ሳምንት ቆይታ መልሶቹን ወደ ኮምፒውተር ስታስገባ አንድ ቤት አልገጥም አላት። በሌሎቹ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ ታማሚው ራሱን በተንከባከበ ቁጥር የልጁ ጭንቀት ይቀንሳል። ዓለሜ በመንከባከብ ከዘጠና ስድስቱ አንደኛ ነው። ልጁ ደግሞ በጭንቀት ከዘጠና ስድስቱ አንደኛ ናት። ጧት ጧት ሆዷን ያማታል። ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ሐሳቧ ቤት ነው። በምሳ ሰዓት ሰበብ ፈልጋ ዳገቱን ሮጣ ትወጣለች። ሲስተር ኢየሩ ቁጥር ተሳስቼ ይሆናል ብላ ወረቀቶቹን አወጣች። አልተሳሳተችም። በልጅቷ ወረቀት መጨረሻ፣ “ሌላ መናገር የምትፈልጊው ካለ” በሚለው ባዶ ቦታ ላይ፣ መጀመሪያ ያላስተዋለቻት አንዲት ዓረፍተ ነገር አገኘች። “አርባ ምንጭ አልሄድም ያልኩት አውቶቡስ ስለማልወድ አይደለም።”

በማግስቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ዳገቱን ወጥታ ቤታቸው መጣች። ሚስጥርን በር ላይ አገኘቻትና በዝግታ ጠየቀቻት። “የጻፍሽውን ነገር እኔና አንቺ ብቻ እናውቀዋለን። ለእነሱ ይነገር ካልሽ ይነገራል፤ ይቅር ካልሽ ይቀራል።”

ሚስጥር የቦርሳዋን ማንገቻ ስትጠመዝዝ ቆየች። “እርስዎ ይንገሯቸው” አለች። “እኔ ከጀመርኩ አልቅሼ አበላሸዋለሁ።”

ዓለሜ ጉድጓዱ አፍ ላይ ጋቢ እየሠራ ነበር። ገበያነሽ ያን ቀን ገበያ አልወረደችም፤ ጥግ ይዛ ትፈትላለች። ለሲስተር ወንበር ተሰጣት።

“ጋሼ ዓለሜ፣ ለማረጋገጥ ነው የመጣሁት። ባለፉት ሰባት ቀናት እግርዎን ስንት ቀን አዩ?”

“ሰባት። ነግሬሽ የለም እንዴ?”

“አንድም ቀን አልዘለሉም?”

“እንዴት ተብሎ ይዘለላል።”

“እስቲ እንዴት እንደሚያዩት ያሳዩኝ።”

“ደስ ይለኛል” አለና እግሮቹን ከጉድጓዱ አወጣ፤ በርጩማ ስቦ ላዩ ላይ አሳረፋቸው። ከዚያ አንገቱን ወደ በሩ አዞረ። “ሚስጥር፣ ነይ እግሬን እዪ፤ ሲስተር ትመልከት።”

ልጅቷ ገባች። የእናቷን ስልክ መብራት አበርታ ተንበረከከች። ከተረከዙ ጀመረች፤ የውስጥ እግሩን አየች፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ እየከፈተች መሃላቸውን አየች። ከንፈሯ ይቆጥራል። ሲስተር ኢየሩ ሰዓቷን ተመለከተች፤ አራት ደቂቃ ፈጀ። ሚስጥር ስትጨርስ ማንንም ሳታይ፣ “ንጹሕ ነው” አለች።

“እኔ የጠየቅኩት እሷን አልነበረም” አለች ሲስተር ኢየሩ። “እርስዎን ነው።”

“እኮ፣ ታየ አይደል?” ዓለሜ ምኑ እንደተሳሳተ አልገባውም።

ነገሩ መጀመሪያ የገባት ገበያነሽ ናት። እንዝርቷን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ወደ ሲስተር ዞራ ሳቅ አለች። “አልዋሸሽም እኮ ልጄ። ይኸ ሰውዬ እንዲህ ነው። ያንን ጋቢ ማን ሠራው በይው።”

“እኔ” አለ ዓለሜ።

“ፈትሉንስ?” አለች ገበያነሽ።

“አንቺ።”

“ማጉን ማን ጠቀለለው?”

“እሷ።”

“ታዲያ ጋቢውን ማን ሠራው?”

“እኔ ነኛ...” ብሎ ጀመረና ወደ ሚስጥር ዞረ።

በሸማ ሠሪ ቤት አነጋገሩ እንዲህ ነው። ሴቷ ትፈትላለች፣ ልጅ ይጠቀልላል፣ ወንዱ ይሠራል፤ ጋቢው ግን የሠሪው ይባላል። ማንም በዚህ አይከፋም፣ ማንም ክብር ተወሰደብኝ አይልም። ዓለሜ ከልጅነቱ ጀምሮ “ሠራሁ” ሲል የቤቱን እጅ ሁሉ ጨምሮ ነው። “እግርህን አይተሃል?” ሲባልም በዚያው ልክ መለሰ። እግሩ ታይቷል፤ ስለዚህ አይቷል።

ሲስተር ኢየሩ ሚስጥርን አየቻት። ልጅቷ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ነርሷ ከዚያ ወረቀት ላይ ያለችውን ዓረፍተ ነገር፣ ምንም ሳትጨምር ምንም ሳትቀንስ፣ ተናገረች።

አርባ ምንጭ ማለት የጸሎት ቤታቸው ታዳጊ መዘምራን የሚሄዱበት ጉዞ ነው። በግማሽ ዓመቱ ዕረፍት፣ ለስድስት ቀን። ሚስጥር ከመዘምራኑ አንዷ ናት፤ የአባቷን አገር አይታ አታውቅም። ጉዞው ሲነገር አውቶቡስ አልወድም ብላ ስሟን ሳታስመዘግብ ቀረች። ዓለሜ ልጅ ናት፣ ያቅለሸልሻታል ብሎ አመናት።

“ሚስጥር” አለ አሁን፣ “አውቶቡስ ትወጃለሽ?”

“እወዳለሁ።”

“ታዲያስ?”

“እኔ እዛ ከሆንኩ ማን ያይልሃል?”

“እናትሽ አለች አይደል።”

“እማዬ መነጽር ካላደረገች ቀይና ቡኒ አትለይም። መነጽሯን ደግሞ ገበያ ነው የምትተወው።”

“እሱስ እውነት ነው” አለች ገበያነሽ።

ዓለሜ እግሮቹን ከበርጩማው አወረደ። እግሩ በሰባት ቀን ሰባት ጊዜ ታይቶ ነበር፤ ያየችው ግን ጧት ጧት ሆዷን የሚያማት ልጅ ናት። ይህን ሁለት ዓመት ሙሉ በደንብ መያዝ ብሎ ሲጠራው ኖሯል።

“ራስዎ ቢያዩትስ?” አለች ሲስተር ኢየሩ።

“ወገቤ አልታጠፍ ብሏል። ዐይኔም ቅርብ አያይም።”

“እጅዎስ?”

እጁን ገልብጦ አየው። እጁ እንኳ ደህና ነው። ዐይኑን ጨፍኖ ከአራት ክንድ ሸማ ውስጥ የላላ ክር ለይቶ የሚያወጣ እጅ ነው።

ለጉዞው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ገበያነሽ በማግስቱ ጸሎት ቤት ሄዳ የሚስጥርን ስም አስመዘገበች። ሚስጥር ግን፣ “አባዬ ራሱ ማየት ካልቻለ አልሄድም” ብላ ከአቋሟ ፈቀቅ አላለችም። በቤቱ ውስጥ ክርክሩ ይህ ብቻ ሆነ።

ሲስተር ኢየሩ አንድ የመላጫ መስታወት አመጣች። ወለሉ ላይ፣ ግድግዳ አስደግፎ አጋድሞ ማስቀመጥና እግርን ከላዩ ማንሳት ነው፤ ወገብ መታጠፍ አያስፈልገውም። መነጽርም ከጤና ጣቢያው አጠገብ ካለ ሱቅ ተገዛለት። የጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ያለው እንጨት ሁሉ በአሸዋ ወረቀት ታሸ። ዋናው ጣጣ ጫማ ሆነ። “ባዶ እግርዎን አይሥሩ” አለችው፤ ሸማ ሠሪ ደግሞ በጫማ አይሠራም። የሸራ ጫማ አጥልቆ ቢሞክር ገመዱን መያዝ አቅቶት ድሩን በጠሰ። በመጨረሻ ገበያነሽ ከትርፍራፊ ነጭ ሸማ አውራ ጣቱን ለብቻው፣ ሌሎቹን ጣቶች አንድ ላይ የሚይዝ ካልሲ ሰፋችለት። ነጭ መሆኑን ሲስተር ወደደችው፤ ጠብታ ደም እንኳ ብትኖር ትታያለች።

ጎረቤቱ አክሊል፣ እሱም ሸማ ሠሪ ነው፣ በመስኮት ብቅ ብሎ ካልሲውን አየ።

“ዓለሜ፣ ሰኮና አወጣህ እንዴ?”

“አንተም ታወጣለህ። ሽንትህን ጉንዳን ወሮት አይቻለሁ።”

አክሊል ስቆ ሄደ። በሳምንቱ ግን ማንም ሳያየው ጤና ጣቢያ ወርዶ ስኳሩን ተለካ፤ ደህና ሆኖ ተገኘ።

ዓለሜ እግሩን በእጁ መዳሰስ ሲጀምር አንድ የማያውቀው ነገር ገጠመው። እጁ እግሩን ያውቀዋል፤ እግሩ ግን እጁን አያውቀውም። የሌላ ሰው እግር ይዞ የተቀመጠ መሰለው። የመጀመሪያውን ቀን ደነገጠ። ከዚያ ለመደው፤ እንዲያውም ሸማ እንደሚዳስስ፣ ከዳር ወደ መሃል፣ ሳይቸኩል ይሄድበት ጀመር። በእጁ በጣም ስለተማመነ መስታወቱን ግድግዳው ላይ ትቶት ይውላል።

ቅዳሜ ቀን ምሳ በልቶ ጋደም ሲል ሚስጥር ሰማያዊ እስክሪብቶ ይዛ መጣች። የቀኝ ተረከዙ ሥር ነጥብ አደረገች፤ የምስር ያህል። አልነቃም፤ እግሩም አልተንቀሳቀሰም። ማታ አመሻሹ ላይ ተቀምጦ እግሩን በእጁ ዳሰሰ፤ ቀኙን፣ ግራውን፣ በየጣቱ መሃል። “ንጹሕ ነው” አለ፣ እሷ እንደምትለው አድርጎ።

“አልሄድም” አለች ሚስጥር።

“ምን ሆነሽ?”

መስታወቱን አምጥታ ሥሩ አደረገችለት። ሰማያዊውን ነጥብ አየ፤ ረጅም ጊዜ አየው። ቁጣ አልመጣበትም። ሰው በገላው ላይ ጽፎበት እሱ ሳያውቅ እንደዋለ ነው የገባው።

“ቁስልም እንዲህ ነው፣ አባዬ። ሲመጣ አያንኳኳም።”

“ገባኝ” አለ ዓለሜ። “ነገም አድርጊብኝ።”

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሆነ። እሱ ጋደም ሲል እሷ ነጥብ ትደብቃለች፤ ማታ በመስታወትም በእጅም ይፈልጋል። አንድ ቀን አንድ፣ አንድ ቀን ሁለት፣ አንድ ቀን ጨርሶ ምንም ሳታደርግ ትተወዋለች። ገበያነሽ ዳኛ ሆና ትቀመጣለች። ሚስጥር መሳቅ የጀመረችው በዚያ ሳምንት ነው። ነጥቡን በጣቶቹ መሃል ደብቃበት ሲያገኝባት፣ “ይኼ የሚሰማው እግርማ የአክሊል ነው መሆን ያለበት” ትላለች።

ጉዞው አራት ቀን ሲቀረው ዓለሜ ፍለጋውን ጨርሶ ቀና አለ። “ዛሬ ሦስት ናቸው።”

“ሁለት ናቸው” አለች ሚስጥር።

“ሦስት።”

“ያደረግኩት እኔ አይደለሁ እንዴ? ሁለት ነው።”

“ሦስተኛው የቀለም አይደለም። ጣትሽን አምጪ።” እጇን ይዞ በግራ ተረከዙ ጫፍ ላይ አሳለፈው። ምንም አልታወቃትም። የስልኩን መብራት አብርታ አጎንብሳ አየች። እዚያ፣ ክር የሚያክል፣ ቆዳው የተሰነጠቀበት መስመር አለ። ትናንት አልነበረም፤ ወይም እሷ አላየችውም። በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ቀጭን ነገር አግኝታ አታውቅም።

“እኔ ይሄን አላየውም ነበር” አለች ቀስ ብላ።

“አንቺ በዐይንሽ ነው የምታዪው። እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት የላላ ክር ስፈልግ የኖርኩ ሰው ነኝ።”

በማግስቱ ጧት ጤና ጣቢያ ሄደ። ሲስተር ኢየሩ አጸዳችለት፤ ቫዝሊን ሰጥታ፣ “በጊዜ ነው የመጡት፣ ይደርቃል” አለችው። ማን አገኘው ብላ ስትጠይቀው “እኔ” አለ፤ ከዚያም ቆም ብሎ፣ “ለብቻዬ” ሲል ጨመረ። ነርሷ ሳቀች። በዚያ ሳምንት አስተማሪዋን አስፈቅዳ በመጠይቋ ላይ አንዲት ጥያቄ ጨምራለች። “እግርዎን የሚያየው ማነው?” የምትል ናት። መልሳ ስትጠይቅ ከዘጠና ስድስቱ ቤቶች በዐሥራ አራቱ ሰባት የሚለው መልስ የልጅ ሥራ ሆኖ ተገኘ። በነዚያ ቤቶች ከታማሚው እኩል ልጁንም ይዛ መሥራት ጀምራለች።

ዓለሜ ሊያመሰግናት ፈልጎ ነበር። ነጠላ ልስጥሽ ቢላት የጥናቱ ደንብ አይፈቅድም ብላ እንቢ አለችው። ስለዚህ እሑድ ጸሎት ቤት፣ ምስክርነት ያለው ይነሣ ሲባል ተነሣ። ንግግር አይችልበትም። “አንዲት ሴት አንድ ነገር ጠየቀችኝ” አለ። “መለስኩላት። መልሴን ተቀብላ ዝም ብትል ማንም አይፈርድባትም ነበር። ተመልሳ መጥታ ያንኑ ደገመችልኝ። ስለዚች ሴት እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።” ብሎ ተቀመጠ። ብዙ ሰው ምን እንደሆነ አልገባውም፤ አሜን ግን አሉ።

ማክሰኞ ጧት አውቶቡሱ ከጸሎት ቤቱ በር ተነሣ። ሚስጥር በመስኮት አንገቷን አውጥታ፣ “መስታወቱን፣ አባዬ፣ መስታወቱን” ስትል ጓደኞቿ ጎትተው አስቀመጧት።

የመጀመሪያውን ቀን ሦስት ጊዜ ደወለች፤ ሁለት ጊዜ ከመንገድ፣ አንድ ጊዜ ሲደርሱ። ሦስቱንም ጊዜ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ እግሩ ነው። ረቡዕ ሁለት ጊዜ ደወለች። ሐሙስ አንድ ጊዜ። ያን ቀን ስለ ሐይቁ፣ ስለ አዞ፣ ሙዝ እስኪሰለቻት መብላቷን፣ አንዲት አሮጊት በአባቷ ቋንቋ ሲያናግሯት መልስ አጥታ ማፈሯን ስታወራ ቆየች። ስለ እግሩ የጠየቀችው ልትዘጋ ስትል ነው። “ንጹሕ ነው” አላት። “እሺ፣ ቻው” አለች።

ዓርብ አልደወለችም።

ዓለሜ ቀኑን ሙሉ ስልኩን ከአጠገቡ አስቀምጦ ሠራ። በምሳ ሰዓት አልጮኸም። ዐሥር ሰዓትም አልጮኸም። ዐሥራ አንድ ሲሆን መወርወሪያውን አስቀመጠ፤ ካልሲውን አውልቆ በብርሃን አየው፤ መስታወቱን ዘረጋ፤ መነጽሩን አደረገ። የተሰነጠቀው ተረከዝ ገጥሟል። በእጁ ደገመው። ካልሲውን አጥቦ አሰጣው።

ገበያነሽ ከገበያ ስትገባ ገና በሩ ላይ ሆና ጠየቀች። “ደወለች?”

“አልደወለችም።”

“ምነው? ልደውልላት?”

“ተያት።”

ገበያነሽ ዕቃዋን አስቀምጣ ትኩር ብላ አየችው። “ረስታን ይሆን እንዴ?”

“ረስታናለች” አለ ዓለሜ። ሠርግ የተጠራ ሰው ይመስል ፊቱ በርቷል። “እስቲ ቁጭ በይ። ቅዳሜና እሑድም ከረሳችን እግዜር ይስጣት።”

ገበያነሽ ቁጭ አለች። ስልኩ መሃላቸው ነበር፤ ሁለቱም ሊደውሉላት አላነሡትም።